እውነተኛ የቻይና ምግብ ቤት አግኝቶ ረጋ ብሎ መብላት፦ ከፍለጋው እስከ ተረፈው ሩዝ

ፍለጋው የሚጀምረው የየትኛውን ክፍለ ሀገር ምግብ መብላት እንደምትፈልጉ ከመወሰን ነው። ዝም ብሎ «የቻይና ምግብ» የፈለገ ሰው የሚያገኘው ሁሉን ለማስደሰት የተጻፈ ሜኑ ነው። መቶ ምናምን ዓይነት ምግብ ይደረደርበታል፣ ግማሹ ግን በአንድ ዓይነት ጣፋጭ ቀይ ስጎ የተለወሰ ነው። የሲቹዋን ወይም የላንጆው ምግብ ብሎ የፈለገ ግን አንድ ነገር አሳምሮ የሚሠራ ወጥ ቤት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ክፍለ ሀገሩን መምረጥ

ቻይናዎች በተለምዶ 8 ታላላቅ የምግብ ባህሎችን ይቆጥራሉ፦ ሻንዶንግ፣ ሲቹዋን፣ ጓንግዶንግ (ካንቶን)፣ ጂያንግሱ፣ ዠጂያንግ፣ ፉጂያን፣ ሁናን እና አንሁዊ። ውጭ አገር በብዛት የሚገኙት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ ያልገቡት የሰሜን ምዕራብ ምግቦች ደግሞ ለእኛ ሰው ምላስ ከሁሉም ይቀርባሉ።

ሲቹዋንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በሚያቃጥል ምግቡ ነው። ልዩ የሚያደርገው ግን ሁዋጃው የሚባለው ፍሬ ነው፤ ከንፈርና ምላስን ያደነዝዛል፣ ከቁንዶ በርበሬ ጋርም ዝምድና የለውም። ሌላው ምሰሶው ዶባንጃንግ ነው፤ ከባቄላና ከቀይ ቃሪያ ተብላልቶ የሚሠራ ጨዋማ ድልህ። ሁናን ደግሞ የማደንዘዙን ነገር ትቶ በትኩስ፣ በደረቅና በኮመጠጠ ቃሪያ ብቻ ያቃጥላል። የካንቶን ምግብ ከሁለቱም በተቃራኒ ለዘብ ያለ ነው። የሚመዘነው በዓሣው ትኩስነትና በእሳቱ ልክ ነው፤ ዲም ሰም የሚባሉት በትንንሽ ቅርጫት የሚቀርቡ ምግቦችም የእነሱ ናቸው። የሰሜን ምዕራቦቹ (ላንጆው፣ ሺአን፣ ሺንጂያንግ) ስንዴ፣ በግና ከሙን ይወዳሉ። ብዙዎቹ የሙስሊም ወጥ ቤቶች ስለሆኑ የአሳማ ሥጋ ጥያቄ ገና ከበሩ ያልቃል። የቻይናን ምግብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ኢትዮጵያዊ የእኛ ምክር ከእነዚህ እንዲጀምር ነው።

ቦታውን መፈለግ

በቱሪስት ካርታ ላይ «ቻይናታውን» የሚባለው ሰፈር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የዋሽንግተን ዲሲው ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራው ባለ ቀለም ቅስት አሁንም ቆሟል፣ የቻይና ነዋሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ወደ ዳር ከተሞች ወጥተዋል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወደ ዲሲ ከመውረድ እዚያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ወዳለችው ሮክቪል ብትሄዱ ይሻላል። ሎስ አንጀለስ ከፌርፋክስ ወደ ምሥራቅ ነድታችሁ ሳን ጋብርኤል ሸለቆ ግቡ፤ ሞንትሬይ ፓርክ፣ አልሃምብራ፣ ሳን ጋብርኤል። ኒው ዮርክ ላይ ፍላሺንግ፣ ዱባይ ላይ ደግሞ ድራገን ማርትና አጠገቡ ያለው ኢንተርናሽናል ሲቲ አለላችሁ። የሁሉም ሕግ አንድ ነው፦ የቻይና ሱፐርማርኬት ያለበትን ፈልጉ። ቤተሰቡ አስቤዛ የሚገዛበት ቦታ ምሳውን የሚበላበትም ቦታ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ በሌላ በኩል ይቀላል። ላለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት ለመንገድ፣ ለባቡርና ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ቻይናዎች የራሳቸውን ምግብ ቤቶች ይዘው መጥተዋል፤ በተለይ ቦሌ አካባቢ። አንዳንዶቹ የአማርኛም የእንግሊዝኛም ጽሑፍ የሌላቸው፣ ከግቢ ውስጥ ያሉ ናቸው። አስተናጋጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ይህ ሌላ አገር የማይገኝ ትልቅ ጥቅም ነው። ሜኑውን ከመክፈታችሁ በፊት፣ «እህቴ፣ ቻይናዎቹ ራሳቸው ሲመጡ ምን ያዛሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጣችሁ መልስ ከማንኛውም የኢንተርኔት አስተያየት ይበልጣል።

ስልክ ላይ ስትፈልጉ ከኮከቡ ይልቅ ደንበኞች ያነሷቸውን ፎቶዎች ተመልከቱ። ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ዓሣ፣ ከነአጥንቱ የተቆራረጠ ዶሮ፣ አንድ ሰፊ ሳህን አረንጓዴ ቅጠል ካያችሁ ተስፋ አለ። ፎቶው ሁሉ ብርቱካናማ ጥብስ ዶሮ ከሆነ እለፉት። ስለ አስተናጋጁ ፊት መጥቆር የሚያማርሩ አስተያየቶችን ቁምነገር አታድርጓቸው፤ ስለ ቆየ ዘይት ወይም ስለ ሆድ ሕመም የሚያማርሩትን ግን አንብቡ። ዢያውሆንግሹ በተባለው የቻይናዎች መተግበሪያ ላይ የከተማችሁን ስም ብትጽፉና ጽሑፉን በጉግል ትርጉም ብታነቡት ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ታገኛላችሁ።

በሩ ላይ ሲደርሱ

በአፍንጫ ጀምሩ። ጥሩ ወጥ ቤት ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ የእሳት ጭስ ይሸታል። የቆየ የመጥበሻ ዘይት ከሸተታችሁ ተመለሱ፤ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። የዓሣ ገንዳ ካለ ውኃው ጥርት ያለ፣ ዓሣውም የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ሜኑው ነው። አጭርና በአንድ አካባቢ ምግብ ላይ ያተኮረ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በእጅ የተጻፉ የዕለቱ ምግቦች ከተለጠፉ ጥሩ ነው። አንዳንድ ቤት ሁለት ሜኑ አለው፤ አንዱ ለውጭ ሰው፣ አንዱ ለቻይናዎች። ሁለተኛውን ጠይቁ፣ ማንበብ ባትችሉም በስልካችሁ ካሜራ ተርጉሙት። ትርጉሙ አስቂኝ ሊሆን ይችላል፣ ዶሮውን ከዳክዬ ለመለየት ግን ይበቃል።

ቀይ ፋኖስና ዘንዶ ምንም አይነግሯችሁም። ቤቱ በቻይናዎች መሞላቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አጠገቡ የግንባታ ካምፕ ካለ ወይም የቱሪስት አውቶቡስ የሚቆምበት ከሆነ ሰው የሚመጣው ስለሚቀርበው ነው። የተሻለው ምልክት እሑድ ረፋድ ላይ ከአያት እስከ ልጅ በአንድ ክብ ጠረጴዛ የተቀመጠ ቤተሰብ ነው። ሌላም አለ፦ የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ ሠራተኞቹ ራሳቸው ተቀምጠው የሚበሉትን አይታችሁ «ከዚያው ይቅረብልን» ማለት ያዋጣል።

ጄኔራል ጾ ዶሮ የሚባለውን ጣፋጭ ጥብስ ሜኑው ላይ ስላያችሁ ብቻ አትናቁት። ምግቡን የፈጠረው ፔንግ ቻንግኩዊ የተባለ የሁናን ሰው ነው፤ ታይዋን እያለ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ሲደርስ ስኳር በዛበት። የራሱ ታሪክ ያለው የአሜሪካ ቻይናዎች ምግብ ነው። የቤቱ ዋና መታወቂያ እሱ ከሆነ ግን ዛሬ የምትፈልጉት ቦታ አይደለም።

በአንድ ርካሽ ሳህን መፈተን

ቤቱን ሳታውቁት ውድ ነገር አትዘዙ። ወጥ ቤቱን የሚያጋልጡ ቀላል ምግቦች አሉ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ቱዶው ሲ የተባለው ድንች ነው። ድንቹ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይቆረጣል፤ ስታርቹ እስኪወጣ በውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ በጣም በጋለ ዎክ (ጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ) ከደረቅ ቃሪያ፣ ከሁዋጃውና ከአቼቶ ጋር ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይገላበጣል። ሲቀርብ ጥርስ ላይ ቀጭ ማለት አለበት። እርስ በርሱ ከተጣበቀ አልታጠበም ማለት ነው። ከላላና ከፈራረሰ እሳቱ ደካማ ነበር ወይም ዎኩ ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ውፍረቱ ከተዘበራረቀ ቢላዋ የያዘው ሰው ገና ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ተራ ድንች አሳምሮ የሚሠራ ወጥ ቤት ዓሣውንም አያበላሽም።

ሲቹዋን ቤት ከሆነ ማፖ ቶፉ ሌላው መፈተኛ ነው፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ነገር ነው። ቶፉው ለስላሳ ግን ያልተፈረካከሰ፣ ላዩ ላይ ቀይ ዘይት የተንሳፈፈበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሳችሁ በኋላ ከንፈራችሁን የሚነዝር መሆን አለበት። ምንም ካልነዘራችሁና ስጎው እንደ ሙጫ ከወፈረ ለውጭ ሰው ተስተካክሎላችኋል። ካንቶን ቤት ሃር ጋው የተባለውን የሽሪምፕ ዲም ሰም እዘዙ፦ ልባሱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በቾፕስቲክ ሲነሳ የማይቀደድ፣ ሽሪምፑ ነከስ ሲያደርጉት የሚጠነክር። የላንጆው ምግብ ቤት ደግሞ በሳህኑ ይታወቃል፤ ጥርት ያለ መረቅ፣ ነጭ ፍጅል፣ ቀይ የቃሪያ ዘይት፣ አረንጓዴ የድንብላል ቅጠል፣ ቢጫ ኑድል። ኑድሉ በእጅ የሚጎተት ከሆነ ውፍረቱን እንድትመርጡ ይጠይቋችኋል። ካልጠየቋችሁ ከፓኬት የወጣ ሊሆን ይችላል።

አሳማ፣ ሐላልና ጾም

እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቻይናዎች የእንስሳውን ስም ሳይጠሩ «ሮው» ማለትም ሥጋ ካሉ፣ የሚያስቡት አሳማን ነው። ሜኑ ላይ «የተፈጨ ሥጋ» ወይም «የሥጋ ጂያውዝ» (በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ) ካያችሁ ካልተባለ በቀር አሳማ ነው ብላችሁ ያዙት። መረቁ ውስጥ የአሳማ አጥንት፣ የዲም ሰም ቂጣው ውስጥ የአሳማ ሞራ ሊኖር ይችላል። «ዎ ቡ ቺ ጁሮው» (አሳማ አልበላም) ማለት ይጠቅማል። እሱ ብቻ ግን አይበቃም፤ መረቁና ዘይቱ ከምን እንደሆነ ለየብቻ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጥ ቤት መረቅን «ሥጋ» ብሎ አይቆጥረውም።

ሐላል የሚፈልግ ሰው የ«ቺንግጀን» ምልክት ይፈልግ፤ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የዓረብኛ ጽሑፍ አብሮት አለ። ሌላ ቤት «አሳማ አንጠቀምም» ቢል እንኳ የሻውሺንግ የሩዝ ወይን ማጣፈጫ ሆኖ ብዙ ምግብ ውስጥ ይገባል። የማን እጅ ያረደው ሥጋ እንደሆነ ለሚገድደው አዲስ አበባ ውስጥ አስተናጋጇን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥርጣሬ ካለ ሥጋ ያልገባበት ቶፉና አትክልት አሉ።

ለጾመኛ የቻይና ወጥ ቤት ጥሩም መጥፎም ዜና አለው። ወተትና ቅቤ ከነጭራሹ አይነኩም ማለት ይቻላል። ነገር ግን አትክልት የሚመስለው ሁሉ የጾም አይደለም። ደረቅ ጥብስ ፎሶሊያው ላይ የተፈጨ አሳማ ወይም ደረቅ ሽሪምፕ ይነሰነሳል። «የዓሣ ሽታ ያለው ደበርጃን» በስሙ ዓሣ ይኑረው እንጂ ዓሣ የለበትም፤ የተፈጨ አሳማ ግን ብዙ ጊዜ አለበት። ቅጠሉ ላይ የኦይስተር (የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ) ሶስ ይፈስበታል፣ ማጣፈጫው ጂ ጂንግ የሚባል የዶሮ ዱቄት ሊሆን ይችላል፣ ኑድሉ እንቁላል ሊኖረው ይችላል። አስተማማኙ አባባል «ቹን ሱ» ነው፤ ምንም የእንስሳ ነገር የሌለበት ንጹሕ የአትክልት ምግብ ማለት ነው። የቡድሂስት አትክልት ቤት ካገኛችሁ አብዛኛው ጥያቄ ያልቃል። እዚያ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባም፤ እንቁላልና ወተት የሚጠቀሙ ግን ስላሉ አንድ ጊዜ ጠይቁ።

የኦቾሎኒ፣ የሰሊጥ ወይም የሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው በቃል ብቻ አይመን፤ በቻይንኛ የተጻፈ ወረቀት ያሳይ። አንዱ ዎክ ለሁሉም ስለሚያገለግል ከባድ አለርጂ ካለ ባይሞከር ይመረጣል። ሶያ ሶስ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለ።

ማዘዝ

ከልክ በላይ መብላት የሚጀምረው ሲታዘዝ ነው። ለ4 ሰው 4 ሳህንና አንድ ሾርባ ይበቃል፤ ለ2 ሰው 2 ሳህንና አንድ ቀዝቃዛ ነገር። ዋና ግብዓታቸው፣ አበሳሰላቸውና የስጎ ቀለማቸው የተመሳሰሉ ሁለት ሳህኖች አታስመጡ። በዘይት ጠልቆ የተጠበሰ ከአንድ አይበልጥ። ለምሳሌ 4 ሰዎች ተቀጥቅጦ በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ ኪያር፣ ማፖ ቶፉ፣ በዝንጅብል በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠልና ለየራሳቸው አንድ ትንሽ ሳህን ሩዝ ቢያዙ በደንብ ይጠግባሉ። ቅጠሉን ከሜኑ ከመምረጥ «ዛሬ የገባው የቱ ነው?» በሉ። ዲም ሰም ከሆነ አንዱ ቅርጫት 3 ወይም 4 ፍሬ ስለሚይዝ ለሁለት ሰው 4 ቅርጫት አዛችሁ ቆይታችሁ ጨምሩ።

ጨውና ዘይት ሲታዘዝ ይቀነሳል፦ «ሻው ያን» (ጨው ቀንሱ)፣ «ሻው ዮው» (ዘይት ቀንሱ)፣ «ዌይ ላ» (ለስለስ ያለ ቃጠሎ)። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ 900 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2,000 በታች ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው መጠንቀቅ ያለበት ይህን ነው። ብዙ የሚታማው ኤምኤስጂ የተባለው የማጣፈጫ ዱቄት እንኳ 12 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሲኖረው ጨው 39 በመቶ አለው። በኤምኤስጂ ላይ ያለው ፍርሃት የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ደብዳቤ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለምግብ ደህና ነው ከሚላቸው ውስጥ ነው።

መብላት

ረኃባችሁን ከ1 እስከ 10 ለኩት፤ 1 ራስ የሚያዞር ረኃብ፣ 10 መተንፈስ የሚያቅት ጥጋብ። 3 ወይም 4 ላይ ሆናችሁ ድረሱ። 1 ላይ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳህን ሳያጣጥመው ይጨርሰዋል። መብላት የሚቆምበት ደግሞ 7 ነው። የጥጋብ ስሜት ወደ አእምሮ ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ በ10 ደቂቃ የበላ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ስልኩን አስቀምጡ። ትኩስ ሻይ ወይም ትኩስ ውኃ ቅመሱ። ከእያንዳንዱ ሳህን ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ወደ ራሳችሁ ሳህን አውጡ፤ ከጋራው ሳህን ወደ አፍ በቀጥታ አይበላም፣ ማውጫ ቾፕስቲክ ከቀረበም እሱ ይቅደም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያለ ሩዝና ያለ ተጨማሪ ሶስ ቅመሱት። ሲቹዋን ላይ በቅድሚያ ቃጠሎው ይመጣል፣ ቀጥሎ መነዘሩ፣ ከዚያ ከሥር የባቄላው ጣዕም፤ ሦስቱን ለየብቻ ጠብቋቸው። ከለዘበው ጀምራችሁ ወደሚያቃጥለው ሂዱ፤ ከተደነዘዘ ምላስ በኋላ የቀረበ ዓሣ ጣዕም የለውም።

ረጋ ማለት ግን ምግብን ማቀዝቀዝ አይደለም። በዎክ የተጠበሰ ነገር ያ የእሳት መዓዛው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። በእጅ የተጎተተ ኑድልም መረቁ ውስጥ እየቆየ ይላላል። እነዚህ እንደቀረቡ ይበላሉ፤ ዕረፍቱ ከእነሱ በኋላ ይሁን።

ሻውሎንግባው የሚባለው መረቅ ያዘለ የሊጥ ጥቅል (ዱምፕሊንግ) አፍ የሚያቃጥለው ሰው ስለሚቸኩል ነው። ላዩ ላይ ካለው እጥፋት በቀስታ አንሱት፣ ጎኑን ከያዛችሁት ይቀደዳል። ማንኪያ ላይ አስቀምጡት። ጠርዙን በትንሹ ነክሳችሁ እንፋሎቱ እንዲወጣ ጠብቁ፤ መረቁን ምጠጡ፤ ከዚያ ጥቁር አቼቶና ቀጭን ዝንጅብል ጨምራችሁ ቀሪውን ጉረሱ። (መሙያው በተለምዶ አሳማ ነው፤ ከማዘዛችሁ በፊት ሌላ ዓይነት እንዳላቸው ጠይቁ።) በደረቅ ቃሪያ ክምር ውስጥ የሚመጣው ላ ዝ ጂ ላይ ደግሞ የሚበላው ዶሮው ነው፤ ቃሪያው ለመዓዛ ነው፣ ወደ ጎን ይገፋል። ሹዪ ጁ ዩ በሚባለው ዓሣ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት እንደ ሾርባ አይጠጣም፤ ዓሣውን አንስታችሁ ካንጠፈጠፋችሁ በኋላ ሩዝ ላይ አድርጉት።

ቻይናዊ ጋባዥ ካላችሁ በራሱ እጅ ሳህናችሁ ላይ ይጨምርላችኋል፤ እንደ ጉርሻ ነው፣ እምቢ ማለት ያስከፋል። ማስቆም ከፈለጋችሁ ሳህኑን ባዶ አታድርጉ፤ ትንሽ አስቀሩበት። ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ለሙታን የሚጨስን ዕጣን ስለሚያስመስል አታድርጉት። ሻይ ካለቀ የጀበናውን ክዳን ከፈት አድርጋችሁ ተዉት፤ ሳትጠሩ ይመጣሉ።

ግማሽ ላይ ስትደርሱ ቾፕስቲኩን አስቀምጡና ቁጥሩን እንደገና ጠይቁ። 6 ላይ ከሆናችሁ ሌላ ሳህን አታስጨምሩ።

የተረፈውን «ዳ ባው» በሉ፤ ማስጠቅለል የተለመደ ነው። ሩዙን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። የበሰለ ሩዝ በሞቀ ቦታ ሲያድር የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም። በማግስቱ የጥብስ ሩዝ ለመሥራት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያደረውና የደረቀው ሩዝ ከትኩሱ ይመረጣል። ቅጠሉን ግን እዚያው ጨርሱት፤ ሲያድር ይጠቁራል፣ የሚወስደው ሰውም አይበላውም።